የዕለት ዕቃ ስክሪን ፕሪንት የምትሰበስቡ ድሬና ሐረር ያላችሁ፣ ኑ እንወያይ

ከዚራ ጥላ ስር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ድሬ ዳዋ ነው። የፖፕ አርት ስክሪን ፕሪንት እሰበስባለሁ፤ በተለይ የዕለት ተዕለት ዕቃ ያለባቸውን። ፖፕ አርት የገበያና የማስታወቂያ ዕቃን ሥዕል የሚያደርግ ዘይቤ ነው፤ ስክሪን ፕሪንት ደግሞ ቀለምን በተወጠረ መረብ አሳልፎ ማተም ነው። ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ማንቆርቆሪያ፣ አምፖል፣ የሳሙና ካርቶን። ስብስቤ ትንሽ ነው። ግን እያንዳንዱን ጠይቄና አጣርቼ ነው የገዛሁት።

ይህን ክር የከፈትኩት አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። ካፌ ወይ ሆቴል ስትገቡ ያ የሾርባ ጣሳ፣ የማሪሊን ሞንሮ ፊት፣ የኮሚክ ነጠብጣብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። በባነር ማሽን ሸራ ላይ የወጣ ነው። ሰዉም ፖፕ አርት ማለት ይኸው ነው ብሎ ያልፋል። እውነተኛውን ስክሪን ፕሪንት ሲያይ ግን ሳያስበው ይጠጋል። ቀዩ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ አልሰረገም፤ ላዩ ላይ ተኝቷል። መብራት ከጎን ስታበሩበት ጠርዙ ከፍ ብሎ ይታያል። ጥቁሩ መስመር ቀዩን የነካበት ቦታ ላይ ቀለም በቀለም ላይ መደረቡ በዓይን ይለያል። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው፣ በሰው እጅ ተስቦ ነው የገባው።

ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ ልበል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዎርሆል የካምቤል ኩባንያን የሾርባ ጣሳ ሥዕሎቹን ሎስ አንጀለስ ፌረስ ጋለሪ ውስጥ ያሳየው በ1962 ነው። 32 ሸራዎች ነበሩ፤ ኩባንያው ያኔ ለሚሸጠው ለእያንዳንዱ ዓይነት ሾርባ አንድ። ብዙ ሰው እነሱን ስክሪን ፕሪንት ይላቸዋል። አይደሉም፤ በእጅ የተቀቡ ናቸው። ወደ ስክሪን የገባው በዚያው ዓመት ትንሽ ቆይቶ ነው። የአንዱ ዋጋ 100 ዶላር ነበር፤ ገዢ ያገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የጋለሪው ኢርቪንግ ብለም ግን ጣሳዎቹ መበታተን የለባቸውም አለ። ለገዢዎቹ ሊሰጡ የነበሩትንም አስቀርቶ፣ ሁሉንም በ1,000 ዶላር፣ ያውም በየወሩ እየከፈለ ገዛቸው። ዛሬ ኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አንድ ላይ ናቸው። ሰብሳቢ ማለት ለእኔ እሱ ነው። ዕቃዎቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚሉ ከሁሉም ቀድሞ አየ።

የወረቀቱ ሕትመት የመጣው በኋላ ነው። በ1968 አሥር ጣሳ፣ በ1969 ሌላ አሥር፣ እያንዳንዱ በ250 ቅጂ። እሱን መግዛት ለእኛ የማይታሰብ ነው።

እና የምለው ይኼ ነው። የዎርሆልን ጣሳ ቅጂ ከማሳደድ የራሳችንን ዕቃ፣ በራሳችን ሠዓሊ ንድፍ፣ በራሳችን አታሚ እጅ፣ በተወሰነና በተቆጠረ ቅጂ አሳትመን ብንሰበስብ ይሻለናል። ሙያው እዚሁ አለ። ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለማኅበር ቲሸርት የሚያትሙት ልጆች መረብ የተወጠረበት ፍሬሙም፣ ቀለም የሚሳብበት ስኩዊጂውም አላቸው። የጎደለው ጥሩ ወረቀትና የሚያዛቸው ሰው ነው። ምን ትላላችሁ?

ሳቢያን 04፦

ወንድሜ ሐሳብህ ደስ ይላል። ግን ጣሳውን ራሱን ለምን አትሰበስብም? እኔ አሮጌ የክብሪት ሳጥንና የለስላሳ ጠርሙስ ነው የምሰበስበው። ታይዋንና ከፊራ ገበያ ዞር ዞር ካልክ የማይገኝ የለም። ዕቃው እያለ ሥዕሉን በብር መግዛት አይገባኝም።

ከዚራ ጥላ ስር፦

@ሳቢያን 04 የክብሪት ሳጥኖችህን ፎቶ ለጥፍልን አቦ፣ ማየት እፈልጋለሁ። ሁለቱ አይጋጩም፤ እንዲያውም ንድፍ የሚሠራ ሰው የሚነሣው ካንተ ዓይነቱ ስብስብ ነው።

ልዩነቱን በአንድ ሰው ላሳይህ። ፓትሪክ ኮልፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበር፤ በ2005 ነው ያረፈው። ማሰሮ፣ የጠረጴዛ መብራት፣ ጎድጓዳ ሳህን ያትማል። አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር፣ ከሥሩ ድፍን ያለ ቀለም፣ በቃ። ማሰሮውን ገበያ ብታየው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ተሰንጥቋል ወይ ነው የምትለው። እሱ ባተመው ወረቀት ላይ ግን ቅርጹን ብቻ ነው የምታየው። እጀታው ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየዋለህ። ከዚያ ቤትህ ሄደህ የራስህን ማሰሮ እንደገና ታያለህ። እኔ የምከፍለው ለዚያ ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼ ለእኛ ትልቁ ነጥብ ነው። የኮልፊልድን፣ የፓኦሎዚን፣ የሪቻርድ ሃሚልተንን ሥራ ለንደን ላይ ያትም የነበረው ክሪስ ፕሬተር ነው። ኬልፕራ ስቱዲዮን ሲከፍት ሥራው የንግድ ሕትመት ነበር፤ ፖስተር፣ ማስታወቂያ። ሠዓሊዎቹ ወደ እሱ ሱቅ መጡ። የእንግሊዝ ፖፕ አርት ሕትመት የተነሣው ከአንድ የማስታወቂያ አታሚ ጠረጴዛ ላይ ነው። ድሬ ላይ ይኼ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰሚራ ዘ ጁገል፦

እኔ ከሐረር ነኝ። እኛ ዘንድ ዕቃ ግድግዳ ላይ መስቀል አዲስ ነገር አይደለም። የሐረሪ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ነደባው ላይ፣ ማለትም ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ተቀምጠህ ቀና ስትል ግድግዳው ሙሉ ዕቃ ነው። የስፌት ሥራው አለ፣ ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ነጫጭ የብረት ሳህኖች አሉ፣ አበባ የተሣለባቸው ትሪዎች በረድፍ አሉ። ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት ጣቄቶች ደግሞ ጎድጓዳ ሳህኑ ተደርድሯል። አንድ ዓይነት ሳህን ተደጋግሞ ይሰቀላል። አብዛኞቹ የብረት ሳህኖች በንግድ ከባሕር ማዶ የመጡ የፋብሪካ ዕቃዎች ናቸው። እናቶቻችን ግን የት ጋ ምን እንደሚሰቀል፣ የቱ ከየቱ ጎን እንደሚሆን ያውቃሉ። ዝም ብሎ አይሰቀልም። ስፌቱ እንኳ የየራሱ ቦታና ምክንያት አለው።

ስለዚህ ዎርሆል ጣሳ ደጋግሞ ደረደረ ሲባል ለሐረር ሰው እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የምላችሁ በሳህኖቹ ጀምሩ ነው። ነጭ ሳህን፣ ሰማያዊ ጠርዝ፣ ከኋላው የነደባው ቀይ አፈር ቀለም። ሦስት ቀለም ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ ኢናሜሉ ተልጦ ጥቁር ብረት የወጣበትን ጭረትም እንዳትተዉት። ሳህኑ የኖረ መሆኑን የሚናገረው እሱ ነው።

ሰብሳቢ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ ደግሞ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም ሄዶ ይይ። በገዛ ቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ነው። የእጅ ጽሑፉ፣ ሳንቲሙ፣ ጌጣጌጡ፣ አሮጌው የሙዚቃ ቅጂ ሁሉ ዛሬ ራስ ተፈሪ ይኖሩበት በነበረው ቤት ለሕዝብ ክፍት ነው።

ሳቢያን 04፦

ሰሚራ አሳመንሽኝ። የሳህኑን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ፎቶውን ማታ እለጥፋለሁ።

መጋላ ማተሚያ፦

የቲሸርት ሥራ ላይ ነኝ። ወሬው ወደ እኛ ስለመጣ ልግባበት። ወረቀት ላይ ማተም ከቲሸርት ይለያል፤ ሳታውቁ ሥራችሁን ሰው እንዳያበላሽባችሁ።

መጀመሪያ መረቡ። ለቲሸርት በሴንቲሜትር 43 ወይም 55 ክር ያለው መረብ ነው የሚያዋጣው፤ ቀለም በደንብ ያወርዳል። ለወረቀት ግን ከ90 እስከ 120 ክር ያለው ያስፈልጋል። አለበለዚያ ቀለሙ ይበዛና ይጎርፋል፣ ቀጭን መስመር ይጠፋል። ቀጥሎ ቀለሙ። ፕላስቲሶል የሚባለው የቲሸርት ቀለም ወደ 160 ዲግሪ ካልጋለ አይደርቅም። ወረቀት ላይ ብታደርጉት እጅ በነካው ቁጥር ይለቃል። በውሃ የሚሠራ አክሪሊክ ነው ለወረቀት የሚሆነው።

የድሬ ሙቀት የሚያስቸግረው ታዲያ እዚህ ላይ ነው። በውሃ የሚሠራ ቀለም ቀትር ላይ መረቡ ላይ እያለ ይደርቃል። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ቀጣዩ ቅጂ ላይ ነጭ ነጥብ ነጥብ ይወጣል። የሚያዘገይ ፈሳሽ ቀለሙ ውስጥ ትጨምራለህ፤ አንዴ ከሳብክ በኋላ ወዲያው ቀለሙን መልሰህ መረቡ ላይ ታለብሰዋለህ። ባዶውን ቆሞ አየር እንዲመታው አትተወውም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ሳይሞቅ፣ በማለዳ መሥራት ነው። ቬንቲሌተሩንም ወደ ፍሬሙ አታዙሩት፤ ብዙ ልጅ ለራሱ እንዲነፍስበት ብሎ የሚያደርገው ሥራውን ያበላሻል።

ንድፉ መረቡ ላይ እንዴት እንደሚገባ ለማያውቅ፦ ኢማልሽን የሚባል ብርሃን የሚያጠነክረው ፈሳሽ ጨለማ ውስጥ መረቡ ላይ ይቀባል። ሲደርቅ ጥቁር ንድፍ ያለበት ፊልም ይለጠፍበትና መብራት ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፤ በጥቁሩ የተጋረደው ውሃ ሲነካው ይታጠባል። ቀለም የሚያልፈው በታጠበው በኩል ነው። ለአንድ ቀለም አንድ ፍሬም ነው። ሰሚራ ያለችው ሳህን ሦስት ቀለም ነው፤ የተላጠው ጥቁር ሲጨመር አራት ይሆናል፤ ነጩ ግን የወረቀቱ ነጭ ይሁን፤ ነጭ ቀለም ማተም ስለማያስፈልግ ሦስት ፍሬም ይበቃል። ቀዩ መጀመሪያ፣ ሰማያዊው ቀጥሎ፣ ጥቁሩ መጨረሻ። ሰማያዊው ጠርዝ ቀዩ ላይ በፀጉር ያህል መደረብ አለበት። ልክ በልክ ከተሠራ ወረቀቱ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር በመሃል ነጭ ክፍተት ይታያል።

ሠዓሊ አምጡልኝ። መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከልቤ ነው።

ደቻቱ ማዶ፦

አዲስ ገቢ ነኝ። ጅቡቲ ያለ የአክስቴ ልጅ አንድ የካምቤል ጣሳ ሕትመት ሊሸጥልኝ ነው። ዎርሆል ነው አሉት። ትልቅ ነው፣ ወረቀት ነው፣ ቀለሙ ያበራል። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ማኅተም አለው። እንዴት ነው የማረጋግጠው? ልጁ ብዙ ብር ሊጠይቀኝ ነው።

ከዚራ ጥላ ስር፦

ወንድሜ ብር እንዳትከፍል ቆይ። ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ።

የ1968ቱ ሕትመት ወረቀቱ ቁመቱ 89 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 58 ተኩል ገደማ ነው። ፊርማው ፊት ለፊት አይደለም፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ነው የፈረመው። ቁጥሩም እዚያው ጀርባ ላይ በጎማ ማኅተም ተመቷል። የአንተ ማኅተም ግን ሰንደይ ቢ ሞርኒንግ የሚል ስም ካለው፣ አጠገቡም ፊርማህን ራስህ ሙላ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካለ፣ ከ1970 ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ ሲታተም የኖረው ነው። ያም ቢሆን በእውነተኛ ስክሪን የታተመ፣ ቀለሙ ወፍራም፣ ለዓይን የሚያረካ ሥራ ነው። ብዙ ሰው አውቆ ይገዛዋል፤ እኔም ግድግዳዬ ላይ ቢኖር አላፍርበትም። ግን የዎርሆል ፊርማ ያለበት ቅጂ አይደለም፤ ዋጋቸውም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ማኅተም የሌለው ከሆነ በማጉያ መነጽር እየው። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ጥቃቅን ነጥቦች ተሰባስበው አበባ መሳይ ነገር ከሠሩ በኦፍሴት የታተመ ፖስተር ነው። በስክሪን የታተመ ድፍን ቀይ በማጉያም ድፍን ቀይ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ነጥብ ስላየህ ብቻ ስክሪን ፕሪንት አይደለም አትበል። ፎቶ በስክሪን ሲታተም ነጥብ ይኖረዋል፤ ነጥቦቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ቀለም ናቸው።

እውነተኛ ነው ከተባለ ደግሞ ቁጥሩን ጠይቅ። በ2016 አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከነበረው ከዚህ ስብስብ አሥር ጣሳዎች ሰባቱ ተሰርቀዋል። የዚያ ስብስብ ቁጥር 31 ነው። ከየት መጣ፣ ማን ሸጠው፣ ወረቀት አለው ወይ የሚለው ጥያቄ ነውር አይደለም። ዘመድም ቢሆን ይጠየቃል።

ደቻቱ ማዶ፦

ማኅተሙ ያልከው ነው፣ ቃል በቃል። አላህ ይስጥህ። ልጁም አያውቅም ነበር። በቅናሽ እወስደዋለሁ።

ጋሽ ቀለሙ፦

ልጆቼ፣ ለብዙ ዘመን ሥዕል ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ለንደንና ሎስ አንጀለስ ስታወሩ የራሳችሁን እንዳትረሱ። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 የተወለደው ሐረር ነው፤ ሌሎቹንም ዓመቶች በዚያው ነው የምቆጥረው። ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ረቂቅ ሥዕልን ከፊት ሆነው ካስተዋወቁን አንዱ ነው፤ ገጣሚም ነበር። ያንን ትምህርት ቤት በ1957 ያቋቋሙት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1960ዎቹ ሃንሰን ባሂያ የሚባል ጀርመናዊ እዚያው የእንጨት ሕትመት አስተምሯል። እንጨት ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ወረቀት ላይ መጫን ማለት ነው። ወረቀት ላይ በብዛት ማተም እዚህ አገር የሥነ ጥበብ ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። ከዜሮ አትነሡም።

ስለ ቅጂ ቁጥር ግን ከአንተ ጋር አልስማማም፣ ከዚራ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮሪታ ኬንት የምትባል መነኩሲት ሠዓሊ ነበረች። የሱፐርማርኬቱን ቋንቋ፣ የዳቦ ላስቲኩን ነጠብጣብ ወስዳ በ1962 በስክሪን አተመች። ሥራዋ ለሁሉም እንዲደርስ ስለምትፈልግ በርካሽ ነበር የምትሸጠው። በ250 ወስኖ መረቡን ማጥፋት የነጋዴ ጥበብ ነው። የቤት ዕቃ ያተመ ሰው ለየቤቱ ቢደርስለት ደስ ሊለው ይገባል።

ከዚራ ጥላ ስር፦

ጋሼ ክብረት ይስጥልኝ። ስለ ኮሪታ ያሉት እውነት ነው፤ ሥራዎቿን በጣም እወዳቸዋለሁ። በቁጥሩ ላይ ግን አቋሜን አልቀይርም፤ ምክንያቴን ልንገርዎት።

እዚህ ከተማ ሕትመት ማለት እንደ ባነር የሚጣል ነገር ነው። በዓሉ ሲያልፍ ይቀደዳል፣ የሱቅ ጥላ ይሆናል። አንድ ሰው ወረቀት ገዝቶ ለልጁ እንዲያስቀምጥ ከፈለግን አታሚው ይኼ ከ40 ውስጥ 12ኛው ነው ብሎ በእርሳስ ሲጽፍበት ማየት አለበት። ቁጥሩ ቃል ኪዳን ነው። ነገ ተመልሼ ሌላ 500 አላትምብህም ማለት ነው። አታሚውም ቢሆን 40 ቅጂ ብቻ ሲኖረው የተበላሸውን ይቀድዳል። 500 ካለው የተበላሸውንም ይሸጣል። በርካሽ ይሸጥ ባሉት ግን እስማማለሁ፤ የወረቀቱን፣ የቀለሙንና የሁለቱን ሰዎች ድካም የሚሸፍን ዋጋ ይበቃል። ትርፍ ፍለጋ የገባ ሰው ሌላ ነገር ይሰብስብ።

ሰሚራ ዘ ጁገል፦

ሁለታችሁም የምትሉት አብሮ ይሄዳል። ጥሩው ወረቀት ላይ የተቆጠረው ይታተም። ሌላ ንድፍ፣ ሌላ ቀለም፣ በተራ ወረቀት ለትምህርት ቤቶች ይታተም። ተማሪ ስኩዊጂ ይዞ አንዴ ቢስብ የማይረሳው ነገር ነው።

ጋሽ ቀለሙ፦

ይኼ ያስታርቀናል። ተማሪዎቹን ማሠልጠን እኔ እይዘዋለሁ።

ምስጥ ያስመረረው፦

አቦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ድሬ ላይ ወረቀት እንዴት ይኖራል? ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ምስጡ። ያለኝ አንድ ሕትመት መሃሉ ተወዛግቦ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። ፍሬም ቤቱ ነው እንዲህ ያደረገው።

ከዚራ ጥላ ስር፦

ይኼ የሁላችንም ችግር ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ሕትመቱ መስታወቱን በፍጹም መንካት የለበትም። በሙቀት ቀለሙ ይለሰልስና ይጣበቃል። በመካከላቸው ወፍራም የካርቶን ክፈፍ ይግባ፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ከጀርባ ኮምፔርሳቶ ወይም ቺፕውድ በቀጥታ እንዳይነካው። እንጨቱ አሲድ አለው፤ ዓመታት ሲያልፉ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። አሲድ የሌለው ካርቶን በመሃል ይደረግ። አዲስ አበባ የሥዕል ዕቃ የሚሸጡ ጠይቁ።

ፍሬም ቤቶች ሕትመቱን ሙሉ በሙሉ ካርቶን ላይ በሙጫ ይለጥፉታል፣ ወይም ላሚኔት ያደርጉታል። አታስደርጉ! ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይሳባል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ መንቀሳቀሻ ካጣ ይወዛገባል። የአንተም ችግር እሱ ይመስለኛል። ከላይ በኩል ብቻ፣ በሁለት ቦታ፣ በስሱ ጠንካራ ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ተይዞ ይንጠልጠል። ስኮች በፍጹም! ቢጫ ይሆናል፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ከሰዓት ፀሐይ የምትመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አትስቀሉ። ግድግዳው እስከ ማታ ይግላል። የውስጥ ግድግዳ ይሻላል፤ ከወለልና ከጣሪያ ራቅ ይበል፣ ምስጥ የሚመጣው በእነሱ በኩል ነውና። የፍሬሙን ጀርባ ዳር ዳሩን በወረቀት አሽጉት፤ አቧራም ነፍሳትም አይገባም። የሚያበሩት ሮዝና ብርቱካናማ ቀለሞች ከሁሉ በፊት ይደበዝዛሉ። በብርሃን የሄደ ቀለም አይመለስም። ሐረር ያላችሁ ትንሽ ተሽሏችኋል፤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናችሁ፣ እኛ 1,200 ላይ ነን። የእናንተ ችግር ክረምት ላይ የግድግዳ እርጥበት ነው። ከፍሬሙ ጀርባ አራቱም ማዕዘን ላይ ትንሽ ቡሽ ለጥፉበት፣ አየር ይዞርበታል።

የተጣበቀውን በግድ አታላቅቀው። መስታወቱ ከእነ ሕትመቱ ይውጣና ወረቀት የሚያድስ ባለሙያ ይየው።

ቃልና ውል፦

ስለ ሕግ አንድ ነገር። ኩባንያ ያለው ዕቃ፣ ማለትም የቲማቲም ጣሳም ሆነ የቢራ ጠርሙስ ለሽያጭ ስታትሙ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። የመለያው ሥዕል ደግሞ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ሊጠበቅ ይችላል፤ የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው። ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ። ዎርሆል ዕድለኛ ነበር፤ በፈረንጅ 1964 ከካምቤል የግብይት ኃላፊ የአድናቆት ደብዳቤ ነው የደረሰው፤ የቲማቲም ሾርባ ካርቶንም ላኩለት። በዚያው ዓመት ያሳየውን የብሪሎ ሳሙና ካርቶን በመጀመሪያ የነደፈው ግን ጄምስ ሃርቪ ነው፤ እሱ ራሱ ሠዓሊ ነበር። ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነው። እናንተ የአገር ውስጥ መለያ ካተማችሁ የመጀመሪያውን ነዳፊ ፈልጋችሁ ስሙን ከሥሩ ጻፉ።

ከዚራ ጥላ ስር፦

የመጨረሻው ሐሳብ ወርቅ ነው። እስከዚያ መለያ የሌለው ዕቃ እንምረጥ። የሰሚራ ሳህን አንድ። ሁለተኛ እኔ ፔርሙዝ እላለሁ። ያ ቀዩ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት የቻይና ፔርሙዝ። ድሬ ውስጥ እሱ የሌለበት ቤት አላውቅም። ክዳኑ ኩባያ ነው፣ እጀታው በጎን ነው፤ ታች ቆርቆሮው ላይ ቀለበት አለ፤ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚዝገው። ያንን ዝገት ቡናማ በአንድ ፍሬም ለብቻው ማተም እፈልጋለሁ።

ሳቢያን 04፦

ቢጫው ጀሪካንስ? ውሃ በጠፋ ቁጥር ሰልፍ የሚይዘው እሱ ነው። በረድፍ ሲቆም ማየት ነው።

መጋላ ማተሚያ፦

ጀሪካኑ ለሦስተኛ ይሁን። ቢጫ ላይ ጥቁር፣ ሁለት ፍሬም ነው የሚፈልገው፤ ለልጆቹ ሥልጠና ይሆናል። ሳህኑን በመጀመሪያ እንሥራ። 300 ግራም የጥጥ ወረቀት አምጡ፤ ከ40 ቅጂ ጋር ለማበላሻ አሥር ይጨመር። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ተዘርግቶ ይደር፤ የድሬን አየር ካልለመደ በሁለተኛው ቀለም ላይ መጠኑ ይቀየርና አይገጥምም።

ሰሚራ ዘ ጁገል፦

ሳህኑን እኔ አመጣለሁ። ንድፉን የምትሠራ ጎረቤቴ አለች፤ ጎበዝ ናት፣ እርሳስ ይዛ ሳህን ሥር መቀመጥ ትወዳለች። ለእሷም ፊርማዋ ከአታሚው ስም ጋር ይኑር።

ከዚራ ጥላ ስር፦

ይኑር። ወረቀቱን እኔ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ። መጠኑ 50 በ70 ይሁን፤ እዚህ ያሉት ፍሬም ቤቶች የሚቆርጡት መስታወት ያን ያህል ነው። ሠዓሊዋ፣ አታሚው፣ ሳህኑን ያዋሰው ቤት፣ ጋሽ ቀለሙ ለተማሪዎቻቸው፣ አንድ አንድ ቅጂ ከ40ው ውጪ ያገኛሉ። የቀረው ቅጂ የሚፈልግ እዚሁ ሥር ይመዝገብ፤ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ።

ምስጥ ያስመረረው፦

አንድ መዝግቡኝ።

ደቻቱ ማዶ፦

እኔንም።